ከገበያው መሀል የተለዩ

በ15ኛው መቶ ዘመን ከአጋሜ ምድር የተነሡ አባ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ እንጂ ለንጉሥ አልሰግድም አሉ። ደቀ መዛሙርታቸው የቤተ መንግሥት ስጦታ አንቀበልም ብለው በእጃቸው እያረሱ፣ ብራና እየፋቁ መጽሐፍ እየጻፉ ኖሩ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነገሩን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። አባ እስጢፋኖስ በእስር አረፉ፤ ከተከታዮቻቸው አፍንጫቸውንና ምላሳቸውን የተቆረጡ፣ በድንጋይ የተወገሩ ብዙ ናቸው። የተረፉት ጉንዳ ጉንዴ በሚባለው ገዳም ቆይተው ታሪካቸውን በግእዝ ጽፈው አኖሩልን። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ብለው በአማርኛ እስኪያሳትሙት ድረስ ስማቸውን የሚያውቅ ከሊቃውንቱ ውጭ እምብዛም አልነበረም።

የመርካቶን ታሪክ ከእነርሱ የጀመርኩበት ምክንያት አለኝ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆኖ «ከዓለም ጋር ተቀላቅለናል፣ እንለይ» ማለት ከውጭ አገር በመርከብ የመጣ አሳብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ጥያቄው እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ ተቀጥቶ፣ እዚሁ የኖረ ነው።

አሁን አምስት መቶ ዓመት እንዝለልና ወደ ገበያው እንምጣ። ጣልያን አዲስ አበባን ከመያዙ በፊት ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወራሪው በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን እንደያዘ በነጭና በጥቁር ለያያት። አራዳና ዙሪያው ለአውሮፓውያን ተከለለ፤ አበሻው ከነገበያው ወደ ምዕራብ ተገፋ። አዲስ ከተማና መርካቶ እንዲህ ተቆረቆሩ። መርካቶ ስሙ እንኳ ጣልያንኛ ነው። የሀገሪቱ ትልቁ ገበያ የተመሠረተው ሰውን በቆዳው ቀለም ለመለየት በወጣ እቅድ መሆኑን ስናስብ፣ በኋላ እዚያው ሰፈር ስለ ሌላ ዓይነት መለየት የተነሣው ክርክር ክብደቱ ይሰማናል። አንደኛው ሰው ሌላውን የሚያርቅበት ነበር፤ ሁለተኛው ሰው ራሱን ከራሱ ክፉ ልማድ የሚያርቅበት።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ገበያው ወደ አራዳ አልተመለሰም፤ እዚያው ሰፋ። ከጉራጌ አገር በእግሩ የመጣው ልጅ በሊስትሮ ጀምሮ ሱቅ በደረቴ ይሆናል፤ ከዚያ በረንዳ ይከራያል፤ ዕድል ከቀናው ሱቅ ይከፍታል። ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፣ እህል በረንዳ፣ አመዴ ገበያ፣ ቦምብ ተራ፣ እያለ ገበያው በየዕቃው ተከፋፈለ። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ እዚያው ጎን ለጎን አሉ። ጠዋት አዛንና ቅዳሴ አንድ ላይ ይሰማል፤ ትንሽ ቆይቶ የነጋዴው መሐላ ይከተላል። «በራጉኤል፣ አልተረፈኝም!» «ወላሂ፣ በገዛሁበት ነው የሸጥኩልህ!» ገዢውም ሻጩም መሐላው እውነት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ገበያው በዚያ ይሄዳል። ይህን ትንሽ ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

በ1936 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የውጭ ሚሲዮኖችን የሚመለከት ደንብ አወጣ። ኦርቶዶክስ የበዛባቸው አገሮች ለሚሲዮን ዝግ ሆኑ፤ ሌሎቹ ክፍት። አዲስ አበባ ለሁሉም ክፍት ሆነች። በዚህ በር ከገቡት መካከል በ1943 ዓ.ም. ገደማ የመጡት ፊንላንዳውያኑ ጴንጤቆስጤዎች ሳንፍሪድና አና ሊሳ ማትሶን ይገኙበታል። የፊንላንድ ሚሲዮን ከጊዜ በኋላ መርካቶ ውስጥ የስብከት ቦታ ያዘ። ለኤምባሲና ለቤተ መንግሥት የሚቀርብ ሰፈር ሳይመርጡ፣ ተሸካሚው፣ ሸማኔው፣ ጠጅ ቤቱና ሴተኛ አዳሪው ወዳለበት መምጣታቸው በኋላ ለሆነው ነገር ሁሉ መነሻ ነው ብዬ አምናለሁ። የስዊድን ፊላዴልፊያ ሚሲዮን ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ አዋሳ ላይ ሥራ ጀመረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ኦማሄ ቻቻ የሚባል ኬንያዊ ወንጌላዊ መጥቶ ሰበከ፤ የዚያ ዘመን ምእመናን ጉብኝቱን እንደ ትልቅ መነሣሣት ያወሱታል። ናዝሬት ላይ ደግሞ የአጼ ገላውዴዎስ ተማሪዎች እንግሊዝኛ እንማር ብለው ወደ ሜኖናይት ሚሲዮናውያን ሄደው፣ መማሪያቸው የዮሐንስ ወንጌል ሆኖ፣ ከዚያ «የሰማይ ብርሃን» የተባለው የወጣቶች ኅብረት ወጣ። በ1957 ዓ.ም. ክረምት አዋሳ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሲከፈት ከየአቅጣጫው የመጡት ወጣቶች ተገናኙ።

አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ልጆች ነበሩ። ተጠምቀዋል፣ ቆርበዋል፣ ማተብ አስረዋል። ጥያቄያቸው እግዚአብሔር አለ ወይስ የለም አልነበረም፤ የክርስትና ስም ይዞ ያለ ክርስቶስ መኖር ይቻላል ወይ ነበር። መልሳቸው አይቻልም ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ ተቆረጠ። ጠላና ጠጅ ቀረ። ሲጋራ ቀረ። ሲኒማ ራስ ሰልፍ የሚይዝ የሰፈር ልጅ እሑድ ከሰዓት መጽሐፍ ቅዱስ ታቅፎ ሲያልፍ ጓደኞቹ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ጭፈራ ቤት፣ ዘፈን፣ ጥንቆላ፣ ጨሌ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተጣለ። ሱቅ ያለውም መሐላውን ተወ። የመርካቶ ነጋዴ «ዋጋው ይህ ነው፣ አልምልም» ሲል ገዢው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ያንኑ ነጋዴ ነው፤ «ምን ደብቆ ነው የማይምለው?» ይላል። አንዳንዱ ደንበኛ አጥቷል። ሌላው ከጊዜ በኋላ «እሱ አይዋሽም» ተብሎ ልጅ ልከው የሚገዙት ሰው ሆኗል።

ዋጋው ግን ከደንበኛ በላይ ነበር። ማተቡን ከአንገቱ የፈታ ልጅ ለእናቱ ሃይማኖቱን የካደ፣ ዘሩን የካደ ነው። ከቤት የተባረረ አለ፤ ከውርስ የተነቀለ አለ። እድር «ጴንጤ አንቀብርም» ያለበት ሰፈር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ብዙ ነገር ችሎ ይኖራል፤ እድር የሌለው ሰው ግን ሬሳው ደጅ ላይ የቀረ ያህል ነው። የመቃብር ቦታ መከልከል ከእስር ይልቅ ቤተሰብን ያስለቅስ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እነዚያ ወጣቶች በቅንዓታቸው ሁሉን አላጣሩም። የእናታቸውን ጾም፣ ሌሊት ተነሥተው የሚደግሙትን ዳዊት፣ ለነዳያን የሚዘክሩትን ዝክር ከጥንቆላና ከስካር ጋር አንድ ሙቀጫ ውስጥ የወቀጡ ነበሩ። የራጉኤል ደጅ ሳሚዋ ባልቴት ዓለማዊ አልነበሩም። የእርሳቸውን ጸሎት እንደ ባዶ ልማድ ያየ ልጅ መለየትን ከመናቅ ጋር አምታቷል፤ የዚያ ቁስል እስከ ዛሬ በየቤተሰቡ አለ።

በ1959 ዓ.ም. ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ተሰባስበው ከሚሲዮን ሞግዚትነት ውጭ ሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። የሚመሩት ራሳቸው ነበሩ፤ ደመወዝ የሚከፍላቸው የውጭ ሰው አልነበረም። ሕጉ በሚያዝዘው መሠረት ለመመዝገብ አመለከቱ፤ ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ መሰብሰባቸው ራሱ ወንጀል ሆነ። ነሐሴ 21 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ፖሊስ በአምልኮ ላይ ሳሉ ከበባቸው። 250 ያህል ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ የገንዘብ መቀጮና እስራት ተፈረደ። ከእስር ቤት የወጡት ወደ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ሌሎች ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተበተኑ።

በዚያው በ1964 ዓ.ም.፣ ከአፈሳው ሦስት ወር ተኩል አስቀድሞ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በዋና ጸሐፊዋ በቄስ ጉዲና ቱምሳ መሪነት ወደ አውሮፓና አሜሪካ ለጋሾች አንድ ደብዳቤ ልካ ነበር። ነጩ ለጋሽ ገንዘቡን ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ለስብከት ሲሆን ይሰስታል። ደብዳቤው ይህን ነቀፈ፤ ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ከፍሎ አንዱን ብቻ መርዳት ወንጌል አይደለም አለ። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ማየት ይጠቅመናል። ሙሉ ወንጌሎቹ ከዓለም ሲለዩ፣ መካነ ኢየሱስ የተራበውን ዓለም ትተን ልንለይ አንችልም ትላለች። በዚያ ጊዜ ተቃራኒ መስለው ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም አንድ እስር ቤት ገቡ።

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ፈነዳ። መጀመሪያ ላይ ወንጌላውያን ደስ አላቸው፤ የሃይማኖት እኩልነት ተነገረ፤ አዳራሾች ተከፈቱ፤ ወጣት እንደ ጎርፍ ገባ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ግን መርካቶም አዲስ ጌታ አገኘ፤ ቀበሌ። የቀበሌ ስብሰባ ግዴታ ነው። በስብሰባው መጨረሻ ግራ እጅ ጨብጦ ወደ ላይ አንሥቶ መፈክር ማሰማት ግዴታ ነው። አብዮቱ ከሁሉ በላይ ነው የሚለው መፈክር ሲመጣ ምእመኑ ተያዘ። ከሁሉ በላይ የሚለውን ለሌላ ከሰጠ ምን ቀረው? እጁን በደረቱ አጣጥፎ ዝም የሚል ሰው መቶ ክንድ በተነሣበት አዳራሽ መሀል ከሩቅ ይታያል። ማንም ሳያስተምረው ሁሉም የተረዳው መለየት ያ ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በዚህ ምክንያት ሰባት ዓመት ታስሯል። በየአውራጃው ስማቸው ያልተጻፈ ገበሬዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች ተገርፈዋል።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ዑራኤል በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናን ዘንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት አስተምረው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። እርሳቸው በዚያው ሌሊት ተገደሉ። አስቀድሞ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁልየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ወይዘሮ ፀሐይ በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ታስረዋል። በዚያው ክረምት ደርግ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ። እርሳቸውም ከመውረዳቸው በፊት የቤተ ክርስቲያኒቱን አስተዳደር ከቤተ መንግሥትና ከመሬት ከበርቴ እጅ አውጥቶ ለካህናቱና ለምእመናኑ የሚሰጠውን የሰበካ ጉባኤ ሥርዓት የዘረጉ አባት ነበሩ። የሁለቱም ዐፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ኦርቶዶክሱና ወንጌላዊው ገና በመቃብር ቦታ ሲጣሉ፣ አባቶቻቸው በአንድ ክረምት በአንድ እጅ ወደቁ። ይህን ሁለቱም ወገኖች ለልጆቻቸው በአንድ ላይ ቢነግሩ ምንኛ በወደድሁ።

በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ከሜኖናይት ሚሲዮናውያኑ ሥራ የወጣችውን የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ። ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። በዚያ ጊዜ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ከዚያ ቤት ለቤት ሆነ። አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ አሥር ሰው። መርካቶና ዙሪያው ለዚህ ይመቻል፤ ግድግዳው ጭቃ ቢሆንም ጫጫታው ይሸፍናል፤ ሰው ቢገባና ቢወጣ «ደንበኛ ነው» ይባላል። ጫማ ደጅ ላይ አይወልቅም፣ ብዛቱ ያስታውቃልና። መዝሙር በሹክሹክታ ነው፤ ማጨብጨብ የለም። ቡና ይፈላል፤ ድንገት የቀበሌ ሰው ከመጣ ጎረቤት ቡና እየጠጣ ነው። የሚያስተናግዱት፣ ማን መጣ ማን ቀረ የሚሉት፣ የታሰረውን ቤተሰብ በሳሕን የሚጎበኙት በብዛት ሴቶች ነበሩ። የቡድኑ እናት እገሊት ካላወቀችው አዲስ ሰው አይገባም። ለመጠመቅ የሚፈልግ ወራት ይማራል፤ በቤቱም በሥራውም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይጠየቅበታል። ሰላይ እንዳይገባ የተደረገው ጥንቃቄ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከዚያ በፊት ያልነበራትን ጥራት ሰጣት። በሩ ሲከፈት በ1983 ዓ.ም. አባላቱ 34,000 ገደማ ሆነው ተገኙ።

ከዚያ የመጣው እድገት በቁጥር የሚነገር ነው። በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ከሕዝቡ 5.5 በመቶ ያህል ነበር፤ በ1987ቱ 10.2፣ በ1999ኙ 18.6 በመቶ። በኦርቶዶክስም በኩል መነቃቃቱ ታላቅ ነበር፤ የሰንበት ትምህርት ቤቶች ሞሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ፤ በአጥቢያዎች ስላለው የሙዳየ ምጽዋት ገንዘብና ስለ ቅጥር አድልዎ በድፍረት የሚጠይቅ ትውልድ ተነሣ። የጥያቄው ሥር ከአባ እስጢፋኖስ ጥያቄ ብዙም አይርቅም፤ የእግዚአብሔር ቤት በምን ይተዳደራል?

በወንጌላውያኑ ዘንድ ዓለም በሌላ በር ገባ። አዳራሽ ኪራይ ይፈልጋል፤ ድምፅ ማጉያ፣ የቴሌቪዥን የአየር ሰዓት፣ ሁሉም ገንዘብ ይፈልጋል። በ1990ዎቹና ከዚያ ወዲህ «ነቢይ» እና «ሐዋርያ» የሚል ማዕረግ ለራሱ የሚሰጥ በዛ። «ዘር ዝራ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳለህ» ተባለ። በጠርሙስ የታሸገ ዘይትና ውኃ ተሸጠ። መድኃኒቷን አቁማ ለጸሎት ብላ የሞተች እኅት ዘመዶች አሉ፤ የሱቁን መነሻ ገንዘብ አውጥቶ መድረክ ላይ አስቀምጦ ባዶ እጁን የተመለሰ የመርካቶ ነጋዴ አለ። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አይደሉም፤ እግዚአብሔርን አምነው ወጥተው በእግዚአብሔር ስም የተዘረፉ ናቸው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በሹክሹክታ ይዘመርበት ከነበረው ቤት የወጣ እምነት በአንድ ትውልድ ዕድሜ የገበያውን መሐላ መድረክ ላይ ሲምል መስማት ያማል። «አልተረፈኝም» ከማለት «ይተርፍሃል» ወደ ማለት ተዞረ፤ ሁለቱም የሚባሉት ኪስ ለማስከፈት ነው።

ነባሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ዝም አላሉም። የብልጽግናን ወንጌል ስሕተት ነው ብለው በጉባኤ ያስተማሩ፣ በመጽሐፍ የጻፉ፣ አገልጋዮቻቸውን ከመድረክ ያገዱ አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ የሕግ ሰውነት አገኘ፤ ከ50 ዓመት በላይ አስቀድሞ ለመመዝገብ ሲለምኑ የተባረሩት ሰዎች ልጆች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዕውቅና ተሰጣቸው። አሁን ከውጭ የሚከለክላቸው የለም።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሯል። በዚያ በጨለማ ዘመን አንድ ሰው ከመጠመቁ በፊት ሥራው ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይጠይቁ የነበሩት እነዚያው ሰዎች፣ ዛሬ አንዳንዶቹ በሰባ ዓመታቸው፣ አሁንም በየአጥቢያቸው ተቀምጠዋል። መዝገብ ይዘው መጠየቅ ያውቃሉ። ሰባኪው የሰበሰበውን ገንዘብ ለማን ሒሳብ ያቀርባል? ነቢዩ የተናገረው ሳይሆን ሲቀር ማን ይገሥጸዋል? አሥራት የሚያወጣው አስመጪ ለጉምሩክ ያቀረበው ደረሰኝ ትክክለኛው ነው ወይ? በርበሬ በረንዳ ያለው ዲያቆን ሚዛኑ ልክ ነው? ተከራይቶ የሚሠራው ወጣት ምእመን ሱቁ ውስጥ ለሚሠራው ልጅ የወር ደመወዙን በጊዜው ይከፍላል? እነዚህን ጥያቄዎች በስም ጠርቶ የሚጠይቅ አጥቢያ በመርካቶ ዙሪያ ዛሬም አለ፤ አባላቱ ጥቂት ናቸው፤ አዳራሻቸውም ቆርቆሮ ነው።